ግሩፕ ማናጀር ሁኚ ተባልኩ፣ ልቀበል ወይስ ልውጣ?

የዛሬው ደብዳቤ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ የትኛው ላብ እንደሆነ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር አውጥቻለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም፣ ዓምዱን ሁሌ ነው የማነበው። አሜሪካ ካሉት ናሽናል ላቦራቶሪዎች በአንዱ የባትሪ ሴፍቲ ቴስት ላይ የምሰራ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ ማስተርስ እንጂ ፒኤችዲ የለኝም፣ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስራዬ ባትሪ ማሞቅ፣ በሚስማር መውጋት፣ ከልክ በላይ ቻርጅ ማድረግ እና እንዴት እንደሚቀጣጠል መለካት ነው፣ በጣም ነው የምወደው። አሁን የግሩፓችን ማናጀር ሊለቅ ነው፣ የዲቪዥኑ ዳይሬክተር ጠርታ ‹ቦታውን አንቺ ያዢው› አለችኝ። ግሩፑ አስራ አራት ሰው ነው፣ ግማሹ ፒኤችዲ ያለው ኬሚስትና ፊዚሲስት ነው። ባለፈው ዓመት እኔ የጻፍኩት ፕሮፖዛል ፈንድ ሲያገኝ ፒአይ (የጥናቱ መሪ) ተብሎ የተመዘገበው ሌላ ሰው ነው፣ ምክንያቱ ዲግሪ ነው ተባልኩ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። በሌላ በኩል አንድ የባትሪ ካምፓኒ ከአሁኑ በጣም የተሻለ ደሞዝ አቅርቦልኛል። የላቡ በጀት ደግሞ መቼም ታውቁታላችሁ። ማናጀር ከሆንኩ ኢንጂነርነቴ እዛ ጋ የሚያበቃ ይመስለኛል፣ አዲስ የገባ ልጅ ቴስት ሲያበላሽ አብሬው ቁጭ ብዬ ሳሳየው ሰዓቱ የማይታወቀኝ ሰው ነኝ፣ ይሄን ሁሉ ትቼ ስላይድ ልሰራ ነው? እምቢ ካልኩ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣና ያዘኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ግራ የገባት ኢንጂነር»

ሰላም እህቴ፣

መልሴን መጀመሪያ ላስቀምጥልሽና ከዛ እናወራለን። ቦታውን ውሰጂው ባይ ነኝ። ግን አንቺ በጻፍሽው ምክንያት አይደለም፣ በተለይ «ሌላ ሰው ይመጣና ያዘኛል» ያልሽው ከሁሉም ደካማው ምክንያት ነው፣ እንዳልታዘዝ ብሎ አለቃ የሆነ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚመስል አንቺም ሳታዪ አልቀረሽም። እና ደግሞ እሺ ከማለትሽ በፊት በጽሁፍ የምትጠይቂው ነገር አለ፣ እሱን ወደታች እነግርሻለሁ።

ምን መሰለሽ፣ ናሽናል ላብ ውስጥ ጥናት መምራት ማለት ሚቲንግ መቀመጥና ስላይድ መስራት ይመስለናል። አለ እሱም፣ ብዙ አለ፣ አልዋሽሽም። ዋናው ስራ ግን በየዓመቱ በሚታደስ ገንዘብ ሃያ ዓመት ሰላሳ ዓመት የሚፈጅ ጥያቄን በህይወት ማቆየት ነው። ውሳኔሽ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ግን ቴስት ክፍል ውስጥ ሆኖ ማየትና ማናጀር ወንበር ላይ ሆኖ ማየት አንድ አይደለም። የአሜሪካ መንግስት የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል ይባላል እንጂ ኮንግረሱ በጀቱን በሰዓቱ ጨርሶ የሚገኝበት ዓመት በጣት የሚቆጠር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የአምናው ልክ እየተራዘመ ወራት ያልፋሉ፣ በ2025 ደግሞ መንግስት ለ43 ቀን ተዘግቶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንቺ ጋ ይሄ ነገር ሲደርስ «ያዘዝሽው እቃ ይቆይ» ተብሎ ነው የሚደርሰው፣ ማናጀሩ ጋ ግን «ከነዚህ ሶስት ፖስትዶኮች (ፒኤችዲ ጨርሰው በጊዜያዊ ኮንትራት የሚሰሩ) ኮንትራቱ የሚራዘመው የማነው» ተብሎ ነው። ዋሽንግተን ያለው፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ቢሮ ፕሮግራም ማናጀር ደውሎ ማይልስቶኑ (በዚህ ቀን ይደረሳል የተባለው የስራ ደረጃ) ለምን ዘገየ ሲልሽ እቃው ስላልመጣ ነው ማለት አትችዪም፣ ትችያለሽ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እና በዚህ መሃል ማንም ያልጠየቀሽን ነገር፣ ማለትም ከአስር ዓመት በኋላ ሊጠቅም የሚችለውን ስራ፣ አንቺ ነሽ ጠብቀሽ የምታቆዪው፣ አንቺ ከረሳሽው የሚያስታውስሽ የለም።

በምሳሌ ላሳይሽ። አንቺ እያቃጠልሽ ከምትለኪው ባትሪ ስንቱ ካቶዱ (ፖዘቲቭ ጫፉ) ኤንኤምሲ ነው? ኒኬል፣ ማንጋኒዝ፣ ኮባልት። ለዛ ካቶድ መሰረት ከሆኑት ስራዎች አንዱ አርጎን ናሽናል ላቦራቶሪ ውስጥ እነ ማይክል ታከሬይ፣ ክሪስቶፈር ጆንሰን እና ካሊል አሚን የሰሩት ነው፣ ጅማሬው 1990ዎቹ ውስጥ ሲሆን ጂኤም እና ኤልጂ ኬም ላይሰንሱን የወሰዱት በ2011 ነው። በመሃል ስንት የበጀት ዓመት እንዳለፈ አስቢው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ሞቅ ያለበትም ጭራሽ የተረሳበትም ዓመት ነበረ፣ እና በየዓመቱ አንድ ሰው ስብሰባ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሄ ስራ ይቀጥል ብሎ መከራከር ነበረበት። የዚህ አይነት ተከራካሪ ስሙ ፓተንት ላይ አይጻፍም። ይሄ የሚቆረቁርሽ ከሆነ አሁኑኑ ብታውቂው ጥሩ ነው።

ሌላ፣ ይሄኛው በሙያም ይቀርብሻል። አይዳሆ በረሃ ላይ ዲሴምበር 20፣ 1951 ኢቢአር 1 የሚባል ሪአክተር አራት አምፖል አበራ፣ ከኑክሌር ሃይል ለአገልግሎት የሚውል ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የመጀመሪያው እሱ ነው። እሱን ተከትሎ የመጣውን ኢቢአር 2ን የመራው ሊዮናርድ ኮክ እንዳንቺ መካኒካል ኢንጂነር ነበር። በ1950ዎቹ ቁጭ ብለው የወሰኑት ነገር፣ ሪአክተሩን በሙሉ ሶዲየም የተሞላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ እናስቀምጠው፣ ነዳጁ ሜታል ይሁን፣ የሚለው ዓይነት ውሳኔ ነው። ከዛ ኤፕሪል 1986 ላይ ሪአክተሩ በሙሉ ሃይሉ እየሰራ ማቀዝቀዣ ፓምፖቹን አጠፉና አውቶማቲክ ማቆሚያው እንዳይሰራ አድርገው ምን እንደሚሆን አዩ። ማንም ሳይነካው በራሱ ቆመ። ይሄ ቼርኖቤል ከመፈንዳቱ ሶስት ሳምንት ገደማ በፊት ነው። የዲዛይን ውሳኔው መልሱን ያገኘው ከሰላሳ ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው፣ እና በመሃል ያሉት መሪዎች ስራ ያ ሪአክተር በየዓመቱ እንዳይዘጋ መከላከል ነበር። በ1994 ኮንግረስ ፕሮግራሙን ዘጋው። እንዲህም አለ፣ ቴስቱ ተሳክቶም ይዘጋል።

መዘጋት ካነሳን የኦክሪጁን አልቪን ዋይንበርግን ሳላነሳ አላልፍም። ከ1955 እስከ 1973 ድረስ ላቡን የመራ ሰው ነው፣ በእሱ ዘመን ነዳጁ ቀልጦ ከጨው ጋር የተዋሃደበት ሪአክተር ሰርተው ከ1965 እስከ 1969 አንቀሳቀሱት። ሰውየው ስለ ሪአክተር ሴፍቲ አብዝቶ ይናገር ነበር፣ ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች አልወደዱለትም፣ በ1973 ከቦታው እንዲነሳ ተደረገ። ስራው ሞተ ተባለ። ግን አብረውት የሰሩት ሰዎች ሁሉንም ነገር ጽፈው ነበር፣ ዝገቱን፣ ፓምፑን፣ ያልሰራውን ሁሉ፣ ዛሬ በጨው የሚሰራ ሪአክተር የሚሞክር ሁሉ መጀመሪያ የሚያገላብጠው እነዛን ሪፖርቶች ነው፣ ካይሮስ ፓወር የሚባል ካምፓኒ ደግሞ በቀለጠ ጨው የሚቀዘቅዝ ሪአክተር እዛው ኦክሪጅ ከተማ ላይ እንዲሰራ በዲሴምበር 2023 የግንባታ ፈቃድ አግኝቷል። ይሄን የምነግርሽ አይዞሽ ለማለት አይደለም፣ አንድ ተግባራዊ ነገር ስላለበት ነው፦ ግሩፑን ከያዝሽ የከሸፈውንም ቴስት ጨምሮ ዳታው በደንብ ተጽፎ እንዲቀመጥ የምታስገድጂ ማናጀር ሁኚ፣ ፕሮጀክቱ በተዘጋ በሳምንቱ ሰው ሁሉ ሌላ ቻርጅ ኮድ (የስራ ሰዓት የሚመዘገብበት የፕሮጀክት ቁጥር) ላይ ይበተንና ሃርድ ድራይቩ እንኳን የት እንደሄደ አይታወቅም። ሪፖርት መጻፍ ማንም አይወድም፣ አውቃለሁ።

የፖለቲካው ንፋስ ደግሞ ታዳሽ ሃይል ላይ ይብሳል። ኮሎራዶ ያለው የሶላር ኢነርጂ ጥናት ተቋም በ1977 ስራ ጀመረ፣ በ1981 አዲስ አስተዳደር ሲመጣ ዳይሬክተሩ ዴኒስ ሄይስ ተባረረ፣ በጀቱም ክፉኛ ተቆረጠ፣ ብዙ ሰው ተበተነ። በ1991 ግን ወደ ናሽናል ላብ ደረጃ ከፍ ብሎ ኤንአርኢኤል ተባለ። በ2025 ደግሞ መልሶ ከመቶ በላይ ሰራተኛ ቀነሰ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ላይ ስሙም ናሽናል ላቦራቶሪ ኦፍ ዘ ሮኪስ ተብሎ ተቀየረ። እንግዲህ «በጀቱ መቼም ታውቁታላችሁ» ያልሽው ይሄን ነው፣ አዎ እናውቀዋለን፣ አዲስ ነገር አይደለም። የኢነርጂ ጥናት የሚመራ ሰው ንፋሱ ይቆማል ብሎ አይጠብቅም፣ በየትኛውም ንፋስ ሊባል የሚችል ምክንያት ለስራው ያዘጋጃል እንጂ። ያንቺ ስራ እዚህ ላይ እድለኛ ነው፣ የባትሪ እሳት ዲሞክራትም ሪፐብሊካንም አይልም፣ የእሳት አደጋ ሰራተኛውም፣ የመብራት ኃይል ካምፓኒውም፣ መከላከያውም መልሱን ይፈልገዋል። አንድ ቢሮ ገንዘብ ሲያቆም ሌላ ቢሮ የምታንኳኪበት ዘርፍ ነው።

አሁን ወደ ፒኤችዲው። ቁስሉ ያለው እዚህ ጋ እንደሆነ ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል።

ጂል ህሩቢ የምትባል ሴት አለች፣ መካኒካል ኢንጂነር ናት፣ ፐርዱ እና በርክሊ ተምራ በማስተርስ ነው ያበቃችው፣ በ1983 ሳንዲያ ገባች፣ ከደረጃ ደረጃ ወጥታ በ2015 የሳንዲያ ዳይሬክተር ሆነች፣ ከሶስቱ የኑክሌር መሳሪያ ላቦች አንዱን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዛ በኋላ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ እነዚህን ላቦች የሚቆጣጠረውን የፌደራል መስሪያ ቤት መርታለች። ስለዚ ያለ ፒኤችዲ አይቻልም የሚልሽ ሰው ካለ ይሄው። ግን እኩል ነው ብዬም አላታልልሽም፣ ሳንዲያ የኢንጂነሪንግ ላብ ነው፣ ባህሉም እንደዛው ነው፣ ቤዚክ ሳይንስ በሚበዛባቸው ላቦች ውስጥ ዲግሪው ሳይጠየቅ የሚታይ ነገር ነው፣ ከግሩፕ ማናጀርነት በላይ ዲቪዥን እና አሶሺዬት ዳይሬክተር ደረጃ ስትደርሺ መንገዱ ይጠባል። ላብሽ የቱ አይነት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቀና ብለሽ ከላይሽ ያሉትን ሰዎች ዲግሪ እይው፣ መልሱ እዛ ተጽፏል።

የፕሮፖዛሉን ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አትለፊው። ጽፈሽ ፈንድ አምጥተሽ ስምሽ ሳይኖር መቅረቱ ትክክል አልነበረም፣ በቃ። ወንበሩን የምትቀበዪው እሱን ለማወራረድ ከሆነ ግን ተይው፣ ምክንያቱም ያ ፒአይ የተባለው ሰውዬ ምናልባት ነገ አንቺ የምትገመግሚው ሰው ነው፣ በየዓመቱ ግምገማው ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ከመቀበልሽ በፊት ዳይሬክተሯን በግልጽ ጠይቂያት፦ በዚህ ግሩፕ ውስጥ ሃሳቡን አምጥቶ የጻፈው ሰው ፒአይ ይሆናል ወይ? ገንዘብ የሚሰጠው ቢሮ ፒኤችዲ ግዴታ ነው ካለስ የጻፈው ሰው እንደ ኮ-ፒአይ ይገባል ወይ? ይሄን ደንብ አንቺ ማውጣት ትችያለሽ ወይ? እሷ እዚህ ላይ ከተንተባተበች ብዙ ነገር ነገረችሽ ማለት ነው። እና አንቺም ስትሾሚ የልጆቹን ፕሮፖዛል ላይ ስምሽን ከላይ የመጻፍ ፈተና ይመጣል፣ ፕሮግራም ማናጀሩ የሚያውቀው አንቺን ስለሆነ «ላንቺ ሲሆን ይቀላል» ይሉሻል፣ ያኔ ባለፈው ዓመት ምን እንደተሰማሽ አትርሺ።

ኬሚስቶቹና ፊዚሲስቶቹ ይንቁኛል ብለሽ በቀጥታ አልጻፍሽም ግን በመስመሮቹ መሃል አለ። እኔ የማየው እንዲህ ነው፣ ባትሪ የሚያቃጥል ግሩፕ ውስጥ የሴፍቲ ሃላፊነቱ ያለው ማናጀሩ ላይ ነው፣ ሴፍቲ ኦፊሰር ያግዛል እንጂ ስራው ይጀመር ብሎ የሚፈርመው የስራ አለቃው ነው። የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አለ፣ የጠፋ የመሰለ ሴል ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይነሳል፣ የተጎዳ ሞጁል ውስጥ የቀረ ቻርጅ ማውጣት ራሱን የቻለ ስራ ነው። ይሄን ሁሉ በእጇ ስታውቀው የኖረች ሰው ስትፈርም እና ወረቀት ላይ ያነበበ ሰው ሲፈርም ልዩነት አለው፣ ኬሚስቶቹም ይሄን ያውቁታል፣ ህይወታቸው ነው። ለኤሌክትሮላይት ቀመር እነሱን ትጠይቂያለሽ፣ ለዚህ አንቺን ይጠይቃሉ። የማታውቂውን አላውቅም ማለት እስከቻልሽ ድረስ ፒኤችዲ ያለው ሰው መምራት ከባድ አይደለም፣ ከባድ የሚሆነው እነሱ ሜዳ ላይ ካልበለጥኳቸው ስትዪ ነው።

ኢንጂነርነቴ ያበቃል ላልሽው ደግሞ፣ በከፊል ልክ ነሽ። በእጅ የምትሰሪው በጣም ይቀንሳል፣ ይሄን የሚክድ ማናጀር ወይ ይዋሻል ወይ ሌሊት ይሰራል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚፈርመው ነገር አለ። ላብ ውስጥ ሰዓት ሁሉ የሚመዘገበው በቻርጅ ኮድ አይደል? የማናጀርነት ሰዓትሽ ወደ ኦቨርሄድ (የጋራ ወጪ ሂሳብ) ይሄዳል፣ በብዙ ላብ ደግሞ ግሩፕ ማናጀር ሙሉ ሰዓቱ በኦቨርሄድ አይሸፈንም፣ የቀረውን ከፕሮጀክት ታመጫለሽ። የትኛው ፕሮጀክት ላይ ስንት ፐርሰንት እንደሆንሽ በጽሁፍ ካልተቀመጠ ቴስት ክፍል ገብተሽ የምትሰሪበት ኮድ አይኖርሽም፣ ፍላጎት ሳይሆን ሂሳብ ነው የሚያስወጣሽ። ስለዚ አንድ ፕሮጀክት ላይ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በቋሚነት ስምሽና ሰዓትሽ ይኑር፣ ይሄን በመጀመሪያው ንግግር ላይ ጠይቂ፣ በኋላ ማንም አይሰጥሽም። የላቡ ዋና ዳይሬክተር ከላቡ በጀት ላይ ለአዲስ ሃሳብ የሚመድበው ገንዘብም አለ፣ ኤልዲአርዲ የምትሉት፣ ከዋሽንግተን ትዕዛዝ ሳይጠበቅ የሚሞከርበት ጥሩ ቦታ እሱ ነው፣ አዲስ ማናጀር ሲሾም ለማስጀመሪያ ተብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንቺ ሳታስቢው የጻፍሽው ነገር አለ። አዲስ የገባ ልጅ ቴስት ሲያበላሽ አብሬው ቁጭ ብዬ ሳሳየው ሰዓቱ አይታወቀኝም ብለሻል። የምትወጂው ባትሪውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁን ገፋ አድርገሽ ራስሽ ትሰሪው ነበር። እኔ ውሰጂው ያልኩት በዋናነት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ተነስቼ ነው። ግሩፕ መምራት ከሚቲንጉ ውጪ የሚቀረው ክፍል ይሄው ነው፣ ሌላ ሰው በራሱ እጅ ሰርቶት ሲሳካለት ማየት፣ እና ይሄን የማይወድ ሰው በማናጀርነት ሲቀመጥ ግሩፑ በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ ይሆናል።

ካምፓኒው። ገንዘቡ የግድ ካስፈለገሽ፣ ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ፣ ዕዳ ካለብሽ፣ ሂጂ፣ ማንም ሊፈርድብሽ አይገባም፣ እኔም አልፈርድም። ሄደሽ የምትቀሪም አይመስለኝ። ኤንአርኢኤልን ከ2005 እስከ 2015 የመራው ዳን አርቪዙ፣ እሱም መካኒካል ኢንጂነር ነው፣ በ1973 ቤል ላብስ ጀመረ፣ በ1977 ሳንዲያ ገብቶ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ፣ ከዛ ሲኤችቱኤም ሂል የሚባል የኢንጂነሪንግ ካምፓኒ ሄደ፣ ከካምፓኒ ነው ተመልሶ ላብ ሊመራ የመጣው። አሩን ማጁምዳርም የተማረው መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፣ በርክሊ ላብ የኢነርጂውን ዘርፍ ይመራ ነበር፣ በ2009 አርፓ-ኢ የሚባለው አዳዲስ የኢነርጂ ሃሳቦችን ፈንድ የሚያደርግ የመንግስት መስሪያ ቤት ሲጀመር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ፣ ከዛ ጉግል፣ ከዛ ስታንፎርድ። በሩ ወዲህም ወዲያም ይከፈታል። ልዩነቱ የምታውቂውን ነገር ማን ያውቀዋል የሚለው ላይ ነው፣ ካምፓኒ ውስጥ አንድ ሴል ለምን እንደተቃጠለ ስታገኚ መልሱ የካምፓኒው ሚስጥር ይሆናል፣ ላብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትጽፊዋለሽ፣ ሁሉም ያነበዋል። ይሄ ላንቺ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እኔ አላውቅም።

ዋስትናን በተመለከተ ደግሞ ላቡ የመንግስት ነው ብለሽ አትዘናጊ። አስራ ሰባት የኢነርጂ ዲፓርትመንት ላቦች አሉ፣ ከአንዱ ከኤንኢቲኤል በስተቀር ሁሉም በኮንትራክተር ነው የሚተዳደሩት፣ ኦክሪጅን ዩቲ-ባቴል፣ ሳንዲያን የሃኒዌል ካምፓኒ፣ በርክሊን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ። ሰራተኛው የኮንትራክተሩ ነው፣ የፌደራል ሰራተኛ አይደለም። የባትሪ ካምፓኒም ደግሞ በአንድ መጥፎ ዓመት ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚ በዋስትና ብቻ ብትመዝኚው ሁለቱም ጋ ያው ነው፣ ይሄን ከሚዛኑ አውጪውና በሌላው ወስኚ።

ከዳይሬክተሯ ጋር ስትቀመጪ ቀድመሽ ካነሳሁልሽ ከፒአዩ ደንብና ከፕሮጀክት ሰዓትሽ ሌላ ሶስት ነገር ጨምሪ። አንደኛው የሚለቀው ማናጀር ለምን እንደሚለቅ ነው፣ ደብዳቤሽ ላይ የለም፣ በጣም ነው የገረመኝ፣ ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው እሱ ነበር። ከራሱም ከሰውየው ጋር ቡና ጠጪና ጠይቂው፣ ሊለቅ የተነሳ ሰው እውነቱን ይናገራል። ሁለተኛው ፈንዱ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመት ፈንድ ውስጥ ስንቱ የተረጋገጠ ስንቱ በተስፋ ላይ ያለ እንደሆነ ዝርዝሩን አሳዪኝ በያት፣ አስራ አራት ሰው ተረክበሽ በሶስተኛው ወር አራቱን ቀንሺ የምትባዪ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት ማወቅ መብትሽ ነው። ሶስተኛው መመለሻ ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሄ ስራ የኔ አይደለም ካልሽ ደረጃሽና ደሞዝሽ ሳይነካ ወደ ቴክኒካል ስራ መመለስ ትችያለሽ ወይ? ብዙ ላብ ውስጥ የቴክኒካል መሰላሉ ከማናጀር መሰላሉ ጎን ለጎን አለ፣ ይቻላል ካለችሽ በኢሜል አስጽፊያት።

ለካምፓኒው ደግሞ አሁን እምቢም እሺም አትበዪ፣ መልስ የምትሰጪበትን ቀን ጠይቂና ከዳይሬክተሯ ጋር የምታደርጊው ንግግር ከዛ በፊት እንዲሆን አድርጊ። እና ያቀረቡልሽን ደሞዝ ለዳይሬክተሯ ብትነግሪያት ነውር የለውም፣ ላቡ እኩል አይከፍልሽም ግን የማናጀርነቱ ጭማሪ ላይ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፣ አንቺ ካልጠየቅሽ ዝቅተኛውን ነው የሚጽፉልሽ።